ለልጅ ልጄ የሰፋሁት ክታብ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ዓርብ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ነበርና። ገብሱም ገና አልታጨደም፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ግን ጆሮ መቆንጠጥ ጀምሮ ነበር። ዓመቱን ልጄ ብትጠየቅ ትናገራለች። እኔ እሷን መጠየቅ አፍሬ ትቼዋለሁ። ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ፊቷ ትንሽ ይለወጣል፤ ያን ፊት ማየት አልፈልግም።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ማለት ሳይሻል አይቀርም። አሰላ ውስጥ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የጋሪ ፈረስ ጥቂት ነው፤ ኮርቻ የሚያሰፋም ከገጠር አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሰው ነው። ቢሆንም እጄ ሥራ መፍታት አልለመደም። በረንዳዬ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ አሮጌ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ የተበጠሰ ጠፍር እቀጥላለሁ፣ የላላ ልጓም አጠብቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ ነው። እንግዲህ ጽሑፌ ካነከሰ ከዚያ ነው።

ልጄ መሥሪያ ቤት ውላ የምትመጣ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ልጃቸውን ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ትታት ትሄዳለች። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ይህች የልጅ ልጄ ነን። ያን ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ገና አልገባችም።

ልጅቷ ታወራለች። ከእኔ ጋር አይደለም፤ ከራሷ ጋር ነው። ከእጄ የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ቆዳ ትለቅምና እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ትጀምራለች።

«አንተ እዚህ ቁም» ትለዋለች ቆዳውን። «አይ፣ ወደቅህ። ለምን ወደቅህ? እግርህ ሦስት ነዋ። ፈረስ በሦስት ይቆማል? አይቆምም። ሱታ፣ ሱታ። አንድ እግር እንስጠው። ከየት እናምጣ? ከጅራቱ እንቁረጥለት። ጅራቱስ? ጅራት ከገለባ ይሆናል።»

ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። በእኛ ቤት ሁለቱ ቋንቋዎች እንደ ሻይና ስኳር የተቀላቀሉ ናቸው፤ እሷም ስትቆጣ በአንዱ፣ ስታባብል በሌላው ነው። እንዲህ ራሷ እየጠየቀች ራሷ እየመለሰች፣ እየተጣላች እየታረቀች፣ ረፋድ ላይ የጀመረችው ነገር የዙሁር ሶላት ሳይደርስ ፈረስ ሆኖ ይቆማል። አንዳንዴ ጋሪው ጭምር ይሠራል። አንድ ቀን ባጃጅ የሚጎትት ፈረስ ሠርታ አየሁና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላት፣ በእኔ አለማወቅ እየተገረመች፣ «ነዳጅ አልቆበት ነዋ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ወሬዋን እንደ ዝንብ ድምፅ ነበር የምሰማው። ፈረሱን አደንቃለሁ፤ ወሬውን ቸል እላለሁ። ወሬውና ፈረሱ አንድ ነገር መሆናቸውን አላየሁም።

ያን ዓርብ አንድ ጎረቤታችን ከረጅም ሕመም ተነሥቶ ለምስጋና ዱዓ ጠራን። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን። ጩኮ ቀረበ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤው የሚያብለጨልጭ። ማንም ግን እጁን አልሰደደም፤ መጀመሪያ ምርቃቱ ነው።

ምርቃት የሚመራው የአጥር ጎረቤቴ ነው። ባለ ጋሪ ነው፤ ሌሎቹ ፈረሳቸውን ሸጠው ሲበተኑ እሱ ፈረሱን ከነጋሪው ይዞ የቀረ። በምርቃት ግን በሰፈራችን የሚተካከለው የለም። ዝናቡን ይመርቃል፣ የላሟን ጡት ይመርቃል፣ ከኢተያ እስከ አሰላ ያለውን የስንዴ ማሳ ባለቤቱን ሳይለይ ይመርቃል፣ የመንገዱን ድንጋይ ሳይቀር «እግር አትምታ» ብሎ ይመርቃል። እኛ «አሚን» እንላለን። ደግሞ «አሚን» እንላለን።

ልጅቷ ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከኪሷ ያወጣችውን የቆዳ ፈረስ ይዛ ነበር። ባለ ጋሪው ትንፋሽ ሊስብ ዝም ባለበት መሐል፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት፣ ጉሮሮዋን እንደ ሽማግሌ ጠረገች።

«እኽ፣ እኽ። ጆሮውን እንስፋለት። ሱታ፣ ሱታ። ይህ ሰውዬ ዱዓ ከጀመረ ገብስ ተዘርቶ ይታጨዳል። ጩኮውም ሻጋታ ያበቅላል።»

አንዱ ወጣት ሳቁን በሻይ ብርጭቆ ሸፈነ። ሌላው ያለ ጉንፋን ሳለ። ባለ ጋሪው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተ፤ ልጅቷን አይደለም፣ እኔን።

አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ፣ «ይህ እንኳ የሕፃን ቃል አይመስልም» አለ። «ከማን ሰማችው?»

ቃሉ የእኔ ነበር። ገብሱም፣ ሻጋታውም፣ የጉሮሮው አጠራረግ ሳይቀር የእኔ። ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በሥራዬ ላይ ሆኜ በልቤ ያሰብኩት ነገር ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማምነው። ከልቤ ውስጥ ማን አወጣላት? ደነገጥኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ፊቴ ነደደ። አፌ ቀደመኝ።

«ከማንም አልሰማችም። ይቺ ልጅ ብቻዋን ነው የምታወራው፤ ቀኑን ሙሉ። የሆነ ነገር ሳይነካት አይቀርም።»

ሳቁ ቆመ። የቤቱ ባለቤት «አዑዙ ቢላህ» ብሎ እግሩን ሰበሰበ። ከጓዳ በር ላይ ሆነው የሚያዳምጡት ሴቶች ተያዩ። በእኛ አገር ስለ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፤ ከተባለም እንደ ቀልድ አይወሰድም። ልጅቷ ስለ እሷ እንደሚወራ ገባት መሰለኝ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጩኮውን አየሁ።

እስከ ቤታችን እጄን ይዛ መጣች። መንገዱን ሁሉ ለፈረሱ የሰውን በር ታሳየው ነበር። «ይህ ሰማያዊ በር ነው። ይህ ውሻ ያለበት በር ነው። አትፍራ፣ ታስሯል።» ከዚያ ወዲህ እንደ ልቧ ያወራችው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን አላዳመጥኩም፤ የራሴን ውርደት ነበር የማዳምጠው።

ከዚያ መድኃኒት የሚነግረኝ ሰው በዛ። አንዷ ጎረቤት «ጥቁር አዝሙድ አጭሱባት» አለችኝ። ሌላዋ ሁሩታ ውስጥ አንድ አዋቂ እንዳለ ነገረችኝ። ሌላው ደግሞ «ጎበሳ በኩል ዘመድ የላችሁም? ወስዳችሁ ነፋስ ለውጡላት» አለኝ። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ ያመኑት እኔን ነው። አያቷ ራሱ ከመሰከረባት ማን ይጠራጠራል? የሰፈሩ ልጆች በራችን ላይ ሲያልፉ «ብቻ አውሪ! ብቻ አውሪ!» ማለት ጀመሩ። አብራት አፈር የምትጫወት አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ከሩቅ እየጠራች ትወስዳት ጀመር።

እኔም እንግዲህ ተናግሬ የለ? ነገር የተናገረ ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለበት። የመስጊዳችን ሼህ ዘንድ ለመሄድ ግን ፈራሁ። ሼሁ ልጅቷን አንዴ አይተው «ጤነኛ ናት፤ አንተ አላህን ፍራ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሙያዬ ቆዳ ነው። ለሴት ኮርቻ ጌጥ ካስቀመጥኩት ባሕር አረብ ከሚሉት ቀይ ለስላሳ ቆዳ ቆርጬ፣ ጣት የምታህል ክታብ ሰፋሁ። ውስጡ ምንም ጽሑፍ የለም። የሞላ እንዲመስል አንድ ቁራጭ ቆዳ አጥፌ ከተትኩበትና አፉን ዘጋሁት። እጄ በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሳስበው አፍራለሁ።

አንገቷ ላይ አሰርኩላትና፣ «ይህ ብቻሽን ስታወሪ ይሰማሻል። ከሰማሽ ይቆጣል» አልኳት።

«ጆሮ አለው?»

«አለው።»

«የት?»

«ውስጥ ነው።»

አገላብጣ ፈለገችው። ክታቡን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ እሱ እሷን ከመስማቱ በፊት እሷ ልትሰማው። ከዚያ ቀስ ብላ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

ቤቴ ዝም አለ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። «ጨዋ ሆነች» አልኩ። ኋላ ግን እጇን ማየት ጀመርኩ። ቁርጥራጭ ቆዳ ታነሣለች። ከንፈሯ ሊከፈት ይላል። እጇ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ከንፈሯ ይዘጋል። ቆዳው በእጇ እንደያዘችው ይቀራል። አንድ ቀን ፈረስ አቆመች፤ ወደቀ። እግሩ ሦስት ነው። ድሮ ቢሆን ትጠይቀው ነበር፣ ትቆጣው ነበር፣ ከጅራቱ ቆርጣ ትሰጠው ነበር። አሁን ዝም ብላ የወደቀውን አየችው፤ እዚያው ትታው ተነሣች።

በኋላ ቁርጥራጭ መልቀሙንም ተወች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ለቀስተኛ ትቀመጣለች። ጫማዋን ድሮ «ይህ ሆዱ ወደዚህ ያያል፣ ይህ ሆዱ ወደዚያ ያያል» እያለች አስተካክላ ነበር የምታደርገው። አሁን የግራውን በቀኝ እያደረገች ስትደናቀፍ ትውላለች። እኔ ይህን ሁሉ ከበርጩማዬ ላይ ሆኜ አያለሁ። አያለሁና ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ከሥራ ስትመጣ ልጅቷን አቅፋ ብዙ ቆየች።

«አባዬ፣ ልጄ አሟታል እንዴ?»

«ደህና ናት። ጨዋ ሆናለች።»

«ጫማዋን ገልብጣ ነው ያደረገችው። ይህ ደግሞ አንገቷ ላይ ምንድን ነው?»

«ክታብ ነው። ለዓይን።»

ልጄ ክታቡን በጣቷ ይዛ ስፌቱን አየችው። በዚህ ቤት ያደገች ናት፤ የእኔን ስፌት ከሌላው ሰው ስፌት ትለያለች። ቀና ብላ ግን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ብቻዬን አወራ ነበር?»

«እንጃ፣ አላስታውስም።»

«አወራ ነበር። እርስዎ ዝም በይ ሲሉኝ እማዬ ምን ትልዎት እንደነበር አያስታውሱም? ‹ተዋት፣ እያሰበች ነው› ትልዎት ነበር።»

ልጇን ይዛ ወጣች። የባለቤቴ ድምፅ ከሞተች በኋላ እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። ያን ክታብ በማግስቱ መፍታት ነበረብኝ። አልፈታሁትም። ከፈታሁት ለልጄ፣ ለሰፈሩ፣ ለዚያ ሽማግሌ ምን እላለሁ? አየህ አንተ የምታነበው፣ ሰው ሸምግሎም ቢሆን ከልጅ ይልቅ ስሙን ይወዳል።

ባለ ጋሪው ከዚያ ዓርብ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም ነበር። አንድ ረፋድ ላይ የጋሪ ፈረሱን የደረት ጠፍር በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከበሩ ቆመ። ልጅቷ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አንተ ሽማግሌ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግባ እንጂ።»

«አልገባም፤ ተቀይሜሃለሁ። ጠፍሬ ተበጥሶብኝ ነው» አለና ገብቶ ተቀመጠ።

ጠፍሩን ተቀብዬ አየሁት። ወስፌዬን አነሣሁ፣ ክሩን ሰም ቀባሁ።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለ። «ዛሬ አፍህን ዘግተህ ስፋልኝ። ምርቃቴን ሰድበሃል፤ ፈረሴን ደግሞ እንድትሰድብብኝ አልፈልግም።»

«መቼ ነው እኔ አፌን ከፍቼ የሰፋሁት?»

ቆቡን ራሱ ላይ አድርጎ ቆቤ ጠፋ የሚል ሰው እንደሚታይ አየኝ።

«ወላሂ፣ አታውቅም?»

«ምኑን?»

«ስትሰፋ እኮ ታወራለህ! ከጎረምሳነትህ ጀምሮ። ‹እኽ እኽ፣ ሱታ፣ እዚህ ጋ አጥብቅ፣ ይህ ሰውዬ ፈረሱን ነው ወይስ ሚስቱን የሚጭን› ስትል ነው የምትውል። እኛ ከአጥሩ ወዲያ ያለን ሰዎች ስለ እኛ ምን እንደምታስብ ማወቅ ስንፈልግ መጥተን አጥርህ ሥር እንቆማለን። የገብሱን ነገር ከልጅቷ የሰማሁት መሰለህ? ከአንተ ነው፤ ስንት ክረምት አልፎታል። ሚስቴ እንኳ ምርቃት ሳረዝም ‹በል ይብቃህ፣ ገብሱ ታጨደ› ትለኛለች።»

ወስፌው ከእጄ ወደቀ። ሰው በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ያስታውሳል! ስለ ጎረቤቶቼ ያሰብኩትን ሁሉ፣ ስለ አማቼ፣ ስለ ሼሁ ጫማ፣ ስለዚያች ጥቁር አዝሙድ ስለመከረችኝ ሴትዮ አፍንጫ። ሁሉም ሰምተዋል። ሰምተውም በበዓል ሲጠሩኝ፣ ስታመም ሲጠይቁኝ ኖረዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ዝም ትላለህ። ዝም ካልክ ደግሞ ስፌትህ ይበላሻል። ማን ነው የተበላሸ ኮርቻ የሚፈልገው?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስትህ ሳለች ትመልስልህ ስለነበር ጨዋታ ይመስል ነበር። ከሄደች በኋላ ነው ብቻህን የቀረኸው። ኋላ ይቺ ትንሽ ልጅ እግርህ ሥር ሆና ማውራት ስትጀምር፣ እኔ ከአጥሩ ወዲያ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ሰው አገኘ› ብዬ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ ወስፌውን ከመሬት አነሣሁ። ጠፍሩንም አነሣሁ። «ይኸው ዝም ብዬ እሰፋለሁ» አልኩ በእልህ። ከንፈሬን ገጠምኩ። ወስፌውን ሰካሁ። ቀጥሎ የት እንደምሰካ ግን እጄ ጠፋው። እንደ እንግዳ እጅ ሆነብኝ። ‹እዚህ ነው፣ አይ፣ ትንሽ ዝቅ› የሚለው ድምፅ ከሌለ ቀዳዳው አይታየኝም። ላብ አጠመቀኝ። እንደ ምንም ዳር አደረስኩና ዘርግቼ አሳየሁት፤ ባለ ጋሪው ግን የሚያየው ልጅቷን ነበር። እሷ ከደረጃው ተነሥታ አጠገባችን ቆማለች።

«አባባ፣ ገለበጥከው እኮ!» አለች።

እውነትም ጠፍሩን ገልብጬ ነው የሰፋሁት፤ ሸካራው ወደ ውጭ፣ ልስልሱ ወደ ውስጥ። እሷ ሳቀች። ሳቋ ግን አልዘለቀም። እጇ ወደ አንገቷ ሮጠ፤ ክታቡን በአንድ እጇ ያዘች፣ በሌላው አፏን ከደነች። ዓይኗ ክታቡ ላይ ነው፤ ይቆጣ እንደሆነ ታየዋለች።

ብዙ ነገር አፍሬበት አውቃለሁ። እንደዚያች ቅጽበት ግን የለም።

ባለ ጋሪው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባዶ መሆኑን፣ ምን ብዬ እንዳስፈራራኋት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። የተገለበጠውን ጠፍር በእጁ እያሸ፣ «እኔ እንኳ ለፈረሴ ልጓም የማደርገው ለሥራ ነው» አለ። «ማታ አወልቅለታለሁ። አንተ ለልጅ ልጓም ሰፋህ።»

ልጅቷን ወደ እኔ ጠራኋትና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። ከአንገቷ አውልቄ በወስፌዬ ጫፍ ክሩን አንድ በአንድ ፈታሁት። አፉ ሲከፈት አንገቷን አስግጋ አየች። የታጠፈውን ቁራጭ በጣቷ አወጣችው።

«ጆሮ የለውም» አለች በሹክሹክታ።

«የለውም። አባባ ዋሽቶሽ ነው።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። ያን ጊዜ የተከፈተውን ክታብ እጇ ላይ አኖርኩላት። ቀዩን ክታብና ቁራጩን ይዛ ከጉልበቴ ወረደችና ወደ ጓዳ ገባች።

«ይቅር በለኝ» አልኩት ጎረቤቴን።

«ይቅርታው ለእኔ አይደለም። እኔ ገብሱን ለምጄዋለሁ። በሰው ፊት ያሰርከውን በሰው ፊት ፍታው። ይህ ‹ብቻ አውሪ› የሚሉት ስም ነገ አብሯት ትምህርት ቤት ይገባል። ከነገ ወዲያ ሊያጯት የሚመጡ ሰዎች ይሰሙታል። እኔና አንተ ሞተን እሱ ይኖራል።» ተነሣ። «ዓርብ እኔ ቤት ዱዓ አለ። ትመጣለህ። ጠፍሬንም አስተካክለህ ይዘህልኝ ና፤ እያወራህ ስፋው።»

ዓርብ ሄድኩ። ልጅቷን ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እሷ ራሷ ይዛት መጣች፤ ከሴቶቹ ጋር ጓዳው በር ላይ ተቀመጡ። ባለ ጋሪው ምርቃቱን ጀመረ። ዝናቡን መረቀ፣ ማሳውን መረቀ፣ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ቆመና አየኝ። እዚያው በተቀመጥኩበት ተናገርኩ።

«ባለፈው ልጅቷ የተናገረችው ቃል የእኔ ነው። ስሠራ ብቻዬን አወራለሁ፤ ከእኔ ነው የሰማችው። እሷን የነካት ምንም ነገር የለም። አሳፋሪው እኔ ነኝ። በእናንተ ፊት ስሟን አጥፍቻለሁና በእናንተ ፊት እመልሳለሁ።»

ያ «ከማን ሰማችው?» ያለው ሽማግሌ ጢሙን እየዳሰሰ፣ «አንተ ሰው፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለ። «እኔ ያን ዕለት ቀልዴን ነው የጠየቅሁህ።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ቀልድ ነበር። እኔም ያን ዓርብ ስቄ «ከአያቷ ነዋ!» ብል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጅቷ አንድም ቀን ዝም ሳትል፣ አንድም ፈረስ በሦስት እግሩ ሳይወድቅ። ይህን ሳስብ ከስድብ ይልቅ ያ ሳቅ ከበደኝ። ባለ ጋሪው ግን ጊዜ አልሰጠኝም፤ «የሕፃናቱን አፍ አላህ ይክፈትልን» ብሎ ምርቃቱን ቀጠለ። «አሚን» አልኩ። ያን ቀን ምርቃቱ ከወትሮውም ረዘመ፤ እኔ ግን ጩኮውን አላየሁም።

ያ «ብቻ አውሪ» የሚለው ስም ቀስ በቀስ ከሰፈሩ ጠፋ። ያቺ አፈር የምትጫወተው ልጅም ተመለሰች። የልጅ ልጄ ወሬ ግን በአንድ ቀን አልተመለሰም። ሰው ሲሰብር ፈጣን ነው። ባለ ጋሪው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጋሪው ላይ አስቀምጦ እስከ ገበያው ድረስ ያዞራት ጀመር። «ፈረስ ዝም ያለ ነጂ አይወድም፤ አውሪለት» ይላታል። መጀመሪያ ለፈረሱ ጆሮው ላይ ትንሾካሾክ ነበር አለኝ። ከዚያ ድምፅ አወጣች። ከዚያ ከፈረሱ ጋር ስለ ባጃጆቹ ተጣላች አለኝ፤ «ማን እንዳሸነፈ ግን አላውቅም።»

እኔም በረንዳዬ ላይ አሁን እያወቅሁ አወራለሁ፣ እንድትሰማኝ። መጀመሪያ አፍር ነበር፤ ራስን መስማት ቀላል አይደለም። «እዚህ ጋ ይወጋ፣ አይ፣ ሱታ» እላለሁ። አንድ ቀን ከእግሬ ሥር «አይደለም፣ እዚያ ጋ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ለራሷ ነበር። ያን ቀይ ክታብ ኮርቻ አድርጋው፣ ባለ አራት እግር ፈረስ ላይ እያሰረችው ነው። ውስጡ የነበረችውን ቁራጭ ለሁለት ቆርጣ ኮርቻው ላይ ሁለት ጆሮ ሰክታለታለች።

«ኮርቻ ጆሮ አለው እንዴ?» አልኳት።

«ይህኛው አለው። ይሰማል፤ ግን አይቆጣም» አለችኝ።

አሁን መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ስትመለስ ያው እግሬ ሥር ናት። እስከ ዛሬ ግን አንድ ነገር አልተዋትም፤ መሐል ላይ ቆም ትልና ፊቴን ቀና ብላ ታያለች። ፊቴ ደህና ከሆነ ትቀጥላለች። አንዳንድ ቀን አትቀጥልም፤ እኔም ለምን አልላትም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁና።

ልጄ አንድ ጊዜ «አባዬ፣ ያን ጊዜ ማን ረዳዎት?» ብላኝ ነበር። ባለቤቴን ልል ፈለግሁ፤ እሷ ግን የተናገረችውን ተናግራ ሄዳለች፣ አልሰማኋትም እንጂ። ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ተቀይሜሃለሁ ብሎ ተቀምጦ፣ ከዚያ ያወጣኝ ባለ ጋሪው ጎረቤቴ ነው፤ ያ ምርቃቱ የሚረዝመው።